የፒክ አፕን የፊት ፍሬን ሸራ በቤት መቀየር፦ ከደብረ ማርቆስ የተነሣው ጥያቄና የተሰጡት መልሶች

የመነሻውን ጽሑፍ በውይይት መድረክ ላይ ያቀረበው የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ነው። በፒክ አፑ ከየጁቤ በኩል ጤፍ እየጫነ ወደ ከተማ ያመላልሳል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ፍሬን ሲይዝ ከፊት ቀኝ ጎማ በኩል ቀጭን የብረት ጩኸት ይሰማዋል፤ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ ሲያይም ሸራው ሳስቶ ብረቱ ሊጋለጥ ምንም አልቀረውም። አዲስ የፊት ሸራ ገዝቷል፤ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና ሙሉ የቁልፍ ስብስብ አለው፤ ግቢውም ደልዳላ ነው። የጠየቀው ይህን ነው፦ ሸራውን በቤቱ ራሱ ቢቀይር ያስኬዳል ወይስ በሕይወት መጫወት ይሆንበታል? የመኪናውን ዓይነት ግን ሳይጽፍ ቀረ፤ ከዚህ በኋላ ከተነሣው ጠብ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው።

ጉዳዩ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ፒክ አፕ የሚነዳውን ሁሉ ይመለከታልና መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እተርካለሁ። ጠቃሚው ላይ እቆያለሁ፤ ሌላውን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

1ኛው መልስ ከፍኖተ ሰላም ነው፤ በአክብሮት የተጻፈ። ይቻላል ይላል፤ ነገር ግን ሸራውን ከመንካት በፊት መኪናው እንዳይወድቅ ማድረግ እንደሚቀድም ያሳስባል። የጎማው ዳዶዎች መኪናው መሬት ላይ ሳለ ጥቂት እንዲላሉ፣ የኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በድንጋይ እንዲታገዱ፣ የእጅ ፍሬን እንዲያዝ፣ መኪናው ከተነሣ በኋላም ክብደቱ በክሪኩ ላይ ሳይሆን ከሻሲው ሥር በገባ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ እንዲያርፍ ይመክራል። የወለቀውን ጎማ ከሻሲው ሥር አጋድሞ ማስገባትም ጥሩ እንደሆነ ጨምሯል። እኔ በዚህ ላይ የምለው ጎማው ተጨማሪ ጥንቃቄ እንጂ የመደገፊያው ምትክ አለመሆኑን ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጁን የሚያስገባ ሰው ስለ ሸራ መነጋገር የለበትም።

2ኛው የቡሬ ሰው ነው፤ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ዘርዝሯል። መሪው ወደ ጎን ሲጠመዘዝ የካሊፐሩ (ከጎማው ጋር በሚዞረው ክብ ብረት፣ በዲስኩ፣ ላይ ሸራዎቹን የሚጫነው ክፍል) ጀርባ ወደ ውጭ ይወጣል። የታችኛው ብሎን ይፈታል፤ ካሊፐሩ እንደ ክዳን ወደ ላይ ይነሣል፤ ሁለቱ ሸራዎች ከመቀመጫቸው ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ማየት እንደሚያስፈልግ ይናገራል፤ በካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ ሲመለስ ዘይቱም ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ማጠራቀሚያው ሙሉ ከሆነ ይፈስሳል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል። ስለዚህ ጥቂቱን በንጹሕ መርፌ መሳብ ይቀድማል። ፒስተኑን በካቻቢቴ መፈንቀል ሳይሆን አሮጌውን ሸራ አስደግፎ በሞርሳ ቀስ እያሉ መግፋት ነው። ሁለቱም ጎን በአንድ ቀን ይቀየራል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ አይፈታም፤ ያልተፈታው ጎን ላላወቀ ሰው ማስታወሻ ይሆነዋልና።

3ኛው ከሞጣ መጣና ድምፁ ተለወጠ። በእርሱ መኪና ላይ ወደ ላይ የሚነሣ ካሊፐር ጨርሶ እንደሌለ፣ ካሊፐሩ ሳይነካ ሁለት ፒኖች ተመዝዘው ሸራው በጀርባ በኩል እንደሚወጣ፣ ቡሬ ያለው ሰው ግን ሌላ ሲሠራ ቆሞ ያየውን እንጂ በእጁ የሠራውን እንዳልጻፈ ተናገረ። 4ኛው የቡሬው ሰው የራሱ ምላሽ ነበር፤ በቁጣ። ለብዙ ዓመት በእጁ እንደ ሠራ፣ የሞጣው ሰው ከመዝለፍ በፊት ቢጠይቅ እንደሚሻለው አሳሰበው።

5ኛው ጠያቂው ነው። ሁለቱንም ጋሼ እያለ አመሰገነና የመኪናውን ዓይነት ባለመጻፉ ይቅርታ ጠየቀ፤ ባለ ፎር ዊል ሃይሉክስ ነው።

6ኛው ጠቡን አበረደ። የጻፈው ሙያ የሚያስተምር ሰው ነው፤ ሁለቱም ልክ መሆናቸውን አስረዳ። ዲማክስን በመሳሰሉት ፒክ አፖች ላይ ያለው ተንሸራታች ካሊፐር ነው፤ ፒስተኖቹ በአንድ ወገን ብቻ ስለሆኑ ካሊፐሩ በሁለት ተንሸራታች ፒኖች ላይ ወዲህና ወዲያ እየሄደ ዲስኩን ከሁለት ወገን ይጨብጣል። በብዙዎቹ ባለ ፎር ዊል ሃይሉክሶች ላይ ያለው ግን አይንቀሳቀስም፤ ሁለት ፒስተን ከውስጥ፣ ሁለት ከውጭ አለው፤ ሸራዎቹን የሚይዙት ፒኖችና አንድ የሽቦ ሞላ ናቸው። በዚህኛው ላይ አንዱን ፒስተን ሲገፉት ሌላው ይወጣል፤ ስለዚህ አንዱ ሸራ በቦታው እያለ በሌላው ወገን ያሉትን ሁለት ፒስተኖች አብሮ መግፋት፣ አዲሱን ማስገባት፣ ከዚያ ወደ ቀሪው ማለፍ ይገባል። ተንሸራታቹን ካሊፐር የሚፈታ ደግሞ በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር በሽቦ ከላይ ይሰረው፤ ቱቦው ከውስጥ ቢሰነጠቅ ከውጭ አይታይም። የሞጣውና የቡሬው ሰዎች ከዚህ በኋላ እርስ በርስ አልተነጋገሩም።

7ኛው የባሕር ዳር መካኒክ ነው፤ ተቆጥቷል። ፍሬን የሰው ሕይወት እንደሆነ፣ ጀማሪዎች በቤታቸው እየፈታቱ ያበላሹትን በጆንያ ቋጥረው ጋራዡ ድረስ እንደሚያመጡለት፣ ሸራውን ገልብጠው ብረቱን ወደ ዲስኩ ያዞሩትንም እንዳየ ጻፈ። ምክሩ አንድ ነው፦ ወደ ባለሙያ ሂዱ። 8ኛዋ የደጀን ሴት ናቸው፤ ፒክ አፕ ራሳቸው ይነዳሉ። መካኒኩን ወንድሜ ብለው ጀመሩና ወደ ስለታሙ ነገር ገቡ። የወሰዱበት ጋራዥ የአንዱን ጎማ ሸራ ብቻ ቀይሮ የሁለቱን እንዳስከፈላቸው፣ ያወቁትም መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ ግራ መጎተት ሲጀምር እንደሆነ፣ ባለሙያ የሚከበረው በሥራው እንጂ በጋራዡ በር እንዳልሆነ ጻፉ። መካኒኩ 9ኛ ላይ ተመልሶ እንዲህ ያለ ሰው በመካከላቸው መኖሩን አመነ፤ ገና ያልሠራ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን የሚያውቅ አጠገቡ ይኑር አለ። ይህን ቃሉን እኔም እቀበለዋለሁ። ከክርክሩ ሁሉ ሐሳቡን አስተካክሎ የጻፈ እርሱ ብቻ ነው።

የደጀኗ ሴት በዚያው መልሳቸው የዓባይን በረሃ ስም ማንሣታቸው ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ ወደዚያ ወሰደው። 10ኛው በዕድሜ የገፉ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ሁሉም አንቱ እያለ ነው የመለሰላቸው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ቁልቁለት ፍሬን የሚቃጠለው ሸራው ስለሚያልቅ ብቻ ሳይሆን ሾፌሩ በከፍተኛ ማርሽ ወርዶ ፔዳሉን ያለ ማቋረጥ ስለሚረግጥ ነው አሉ። ወደ ታች የሚወረደው በሚወጡበት ማርሽ ነው፤ ሞተሩ ይያዘው፤ ፍሬኑ በየመካከሉ ጠንከር ተደርጎ ይያዝና ይለቀቅ፣ እንዲነፍስበት። አዲስ ሸራ ያስገባ ሰው በማግሥቱ ጭኖ ወደ በረሃው አይውረድ።

11ኛው ይህን በቁጥር አስደገፈው፤ ፊዚክስ የሚያስተምር ይመስላል። ከጭነቱ ጋር ሁለት ተኩል ቶን የሚመዝን ፒክ አፕ 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ 24 ሚሊዮን ጁል እንደሆነ አሰላ። ይህ ሙቀት 70 ሊትር ያህል ውኃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ያደርሳል። የበረሃው ጥልቀት ደግሞ ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ሞተሩና ነፋሱ ካልተካፈሉት ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በጎማዎቹ ፍሬን ላይ፣ አብዛኛውም በፊተኞቹ ላይ ነው። ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት፤ ልክ ነው። ይህን ቁጥር ያየ ሰው የሽማግሌውን ምክር እንደ ወግ አይሰማውም።

12ኛው የደጋ ሰው ይመስለኛል፤ ስለ ጮቄ መንገድ ይናገራል። አዲስ ሸራ ካስገባ ወዲህ ፔዳሉ እንደ ደረቀበት፣ ሸራው መጥፎ እንደሆነ ጻፈ። የሙያ አስተማሪው 13ኛ ላይ በትሕትና አረመው። ፔዳሉን የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው ውጭ ባለው አየር ግፊትና በውስጡ ባለው ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ 2,400 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ በደጋ እገዛው ይቀንሳል። ፔዳሉ የጠነከረው በድንገት ከሆነ ግን የመሣሪያው የአየር ቱቦ ወይም ባዶነቱን የሚፈጥረው ፓምፕ ይታይ። የጮቄው ሰው መልስ አልሰጠም።

14ኛው ስለ ፍሬን ዘይት ነው፤ ከዚህ ክር ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ አንድ መልስ ቢኖር ይህ ነው። ዘይቱ ሲጎድል የሞተር ዘይት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ የሞተር ዘይት የፍሬኑን ጎሚኒ ሁሉ ያሳብጠዋል፤ ካበጠ በኋላ ፒስተን አይመለስም፤ ከዋናው ፓምፕ ጀምሮ ሁሉም ይለወጣል። በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ከተባለ ዶት 3፣ ዶት 4 ከተባለ ዶት 4። ሁለተኛው ነጥብ ዘይቱ ከአየር ውኃ መሳቡ ነው። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በበረሃው ቁልቁለት የተቃጠለ ፍሬን ያን ያህል ሊሞቅ ይችላል፤ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይገባና መኪናው ይሄዳል። አዲስ ሸራ ይህን አያድንም። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ወይም የጠቆረ ዘይት ካለ ከሸራው ጋር አብሮ ይለወጥ ብሏል።

15ኛው እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የተነጋገረው አዲሱ ሸራ እንዴት እንደሚገባ ነበር፤ የወጣው አሮጌ ሸራ ግን ማንም አላየውም። እኔ የጻፍኩት አሮጌዎቹ ወደ ቆሻሻ ከመጣላቸው በፊት አራቱንም በወጡበት ቅደም ተከተል መሬት ላይ ደርድሮ ማየት እንደሚገባ ነው። አራቱ እኩል ካለቁ መልካም፤ ፍሬኑ ጤነኛ ነው። በተንሸራታች ካሊፐር ላይ የውስጠኛው ካለቀ የውጨኛው ደግሞ ካልተነካ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ተጣብቀዋል ወይም ፒስተኑ አይመለስም። አንዱ ሸራ ከላይ ወፍሮ ከታች ከሳሳ አንዱ ፒን ብቻ ተጣብቋል። የቀኙ ጎን ሁለቱም ካለቁ የግራው ካልሆነ ደግሞ ነገሩ በካሊፐሩ ወይም በቱቦው ነው። በእኛ አገር ለዚህ ሁሉ ትልቁ ምክንያት ጭቃ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ዋልካ በክረምት ከካሊፐሩ ጋር ይጣበቃል፤ በበጋ ደርቆ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ የአቧራ መከላከያው ጎሚኒ የተቀደደ እንደሆነም ውስጥ ይገባና ብረቱን ያዝገዋል። ይህ ሳይጸዳ አዲስ ሸራ የሚያስገባ ሰው ገንዘቡን እየጣለ ነው፤ አሮጌውን የበላው ነገር አዲሱንም ይበላዋል። ፒኖቹ በብረት ብሩሽ ይጸዱ፤ ለጎሚኒ በሚስማማ የሲሊኮን ግራሶ ይቀቡ፤ ሸራው የሚቀመጥባቸው ጠርዞችም ከዝገት ይጥሩ። የሸራው ፊትና ዲስኩ ላይ ግን የግራሶ ነጥብ እንኳ አይንካ። ዲስኩም ይታይ፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ውፍረት በራሱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ የሳሳ ዲስክ ቶርኖ ቤት ቢወስዱት የባሰ ይሳሳል እንጂ አይድንም።

16ኛው አልተስማማም። የቢቸና ሰው ነው፤ በአራት ፒስተን ካሊፐር ላይ ተንሸራታች ፒን ስለሌለ ያልኩት ለጠያቂው እንደማይሠራ ጻፈ። ስለ ፒኑ እውነቱን ነው፤ ሆኖም ሸራዎቹን ማንበብ በዚያም ይሠራል፤ ከአራቱ ፒስተኖች አንዱ ሲጣበቅ ያ ጥግ በተለየ ያልቃል። 17ኛው የሁለታችንንም ደግፎ የራሱን ታሪክ ጨመረ። የመኪናው የፊት ግራ ጎማ በየጊዜው ይግል ነበር፤ ሸራ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ካሊፐር ተለውጧል። በመጨረሻ የተገኘው የፍሬን ቱቦው ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ወደፊት እያሳለፈ ወደ ኋላ የማይመልስ ሆኖ ነው።

ከ18 እስከ 21 ያሉት ወደ ገበያ ሄዱ። አንዱ ሸራ የሚገዛው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እንደሆነ፣ ሌላው ደብረ ማርቆስም እንደሚገኝ፣ ሦስተኛው ኦርጅናል ተብሎ በታተመ ካርቶን ውስጥ ያለው ሁሉ ኦርጅናል እንዳልሆነ ጻፉ። ከእነዚህ ያተረፍኩት ሲገዙ አሮጌውን ይዞ መሄድ ነው፤ የጀርባው ብረት ቅርጽ፣ የፒኑ ቀዳዳና ሸራው ሲያልቅ የምትጮኸው የምልክት ብረት አንድ ከሆኑ ይገባል። ጠርዙ የሚፈረፈር፣ ከጀርባው ብረት ጋር ያለው መጋጠሚያ ክፍተት የሚያሳይ ሸራ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ። 20ኛዋ ግን ስለ ፍሬኑ አቧራ አስጠነቀቁ፤ በአየር መንፋት ወይም በአፍ እፍ ማለት እንደማይገባ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት እንደሚችልና ሳንባ እንደሚጎዳ፣ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንደሚሻል። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ምክር ከብዙዎቹ ይበልጣል፤ መልስ የሰጣቸው ግን አልነበረም።

22ኛውና 23ኛው ጨርሰው ከርእሱ ወጡ። ስለ ዓባይ ድልድይ ተከራከሩ፤ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2008 የተከፈተው 303 ሜትሩ ድልድይ ጥሩ ነው፣ መንገዱ ግን በየጊዜው እየተንሸራተተ ይሰነጠቃል፣ የለም ሾፌሩ ነው፣ የለም መንገዱ ነው። የጭነት መኪናው ሾፌር ተመልሰው ልጆቼ ወደ ፍሬናችሁ ተመለሱ ብለው ገሠጹ።

24ኛው ከዳንግላ ነው፤ እስካሁን ማንም ያልጠቀሰውን አንድ ነገር ጻፈ። ሸራው ገብቶ ጎማው ከታሰረ በኋላ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መረገጥ አለበት። ፒስተኑ ወደ ውስጥ ስለተገፋ ከሸራው ርቋል፤ የመጀመሪያው ርግጫ ምንም አይዝም። ጎረቤቱ ይህን ረስቶ መኪናውን ወደ ኋላ አንቀሳቅሶ የግቢውን በር ይዞት ወጥቷል፤ ከበሩ ጀርባ ሰው ባለመኖሩ ነው የተረፈው። 25ኛው ይህ ለማንም የታወቀ ነገር ነው ብሎ አቃለለው። 26ኛዋ የደጀኗ ሴት ስለታቸውን መልሰው አነሡ፤ የታወቀ ከሆነ ከ1 እስከ 23 ለምን አልተጻፈም? እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ለአዋቂው የታወቀ ነገር ለጀማሪው ካልተነገረው የተደበቀ ነው፤ የዚህ ጥያቄ ባለቤት ደግሞ ጀማሪ ነው። ፔዳሉ ከጠነከረ በኋላ የዘይቱ መጠን ይታያል፤ የጎማው ዳዶዎች በመስቀለኛ ይጠበቃሉ፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላም እንደገና ይፈተሻሉ።

27ኛው አዲሱን ሸራ ስለ ማለማመድ ነው። ጭነት ሳይኖር፣ ሰውና ከብት በማይበዛበት ደልዳላ ጎዳና፣ ከ50 ወይም 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስከ 20 ድረስ በመጠነኛ ርግጫ እየቀነሱ ወደ አሥር ጊዜ ያህል መመላለስ፤ በየመካከሉ እንዲበርድ መንዳት፤ ፍሬኑ ግሎ ሳለ ፔዳሉን ረግጦ አለመቆም።

28ኛው ጠያቂው ነው። ሠርቶታል፤ የሙያ አስተማሪው ከአጠገቡ ሆነውለት። አሮጌዎቹን ደርድሮ ሲያይ የግራው ሁለቱ እኩል ናቸው፤ የቀኙ የውስጠኛው ሸራ የላይኛው ጥግ ብቻ ብረት ወጥቶታል። ፒስተኖቹን ሲገፉ ሦስቱ ገቡ፤ አንዱ እንቢ አለ፤ የአቧራ መከላከያ ጎሚኒው ተቀድዶ ውስጡ ዝጓል። አዲሱን ሸራ በዚያ ላይ አላስገባም። የቀኙን ካሊፐር ጎሚኒው እንዲለወጥለት ለመካኒክ ሰጥቷል፤ ዘይቱም አብሮ እንዲለወጥ አዝዟል። እስከዚያ ጤፉን በሌላ ሰው መኪና ያስጭናል።

29ኛው የባሕር ዳሩ መካኒክ ነው፤ ጎሚኒው ብቻ ተለውጦ የዛገው ፒስተን እንዳይመለስበት፣ ፒስተኑ ጉድጓድ ካወጣ አዲስ እንዲገባ መከረው። 30ኛው የኋላው ሸራ በከበሮ ውስጥ ስለሆነ እንዴት እንደሚስተካከል ጠየቀ፤ የሙያ አስተማሪው ያ ሌላ ሥራ እንደሆነ፣ በሞላዎቹ ብዛት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ከፊተኛው እንደሚከብድ ነገሩትና ጥያቄውን ለብቻው እንዲያቀርብ አደረጉ። የመኪናውን ዓይነት እንዳይረሳም አሳሰቡት።